ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ካለቀ በኋላ፦ ማን ይቀይር፣ ማን ይቆይ?

ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁለት ተቃራኒ ወሬ ሳይሰማ አልቀረም። አንደኛው ወገን «ኮምፒውተራችሁ ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ወደ 11 ቀይሩ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተዉት፣ አዲስ ላፕቶፕ ለመሸጥ የመጣ ማስፈራሪያ ነው» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። ኮምፒውተሩ አይዘጋም። ማስጠንቀቂያው ግን ባዶ አይደለም። የሁሉም ሰው ሁኔታ አንድ ስላልሆነ መልሱም አንድ አይደለም። ማሽኑ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራበትና እስካሁን እንዴት እንደተያዘ ማየት ያስፈልጋል።

ጥቅምት 4 ምን ተቋረጠ?

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ነው። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ድጋፉን አቆመ። በዚያን ጊዜ ስታትካውንተር የተባለው የኢንተርኔት አጠቃቀም መለኪያ እንደሚያሳየው፣ በዓለም ላይ ካሉት ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ከአሥሩ አራቱ ገደማ ገና በ10 ላይ ነበሩ።

ድጋፍ ሲባል ዋናው ነገር በየወሩ በነጻ የሚላከው የደህንነት አፕዴት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነሣውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። እጅግ ብዙ የኮድ መስመር ስላለው ስህተት አያጣውም። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታሉ። አፕዴት የሚባለው በአብዛኛው እነዚህን በሮች የሚዘጋ ጥገና ነው።

ያልተቋረጠውም ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ይነሣል፣ ወርድ ይከፍታል፣ ኢንተርኔት ይገባል። ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለይበትን መረጃ እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ ማግኘቱን ይቀጥላል። ብራውዘሮችም በአንድ ቀን አይጠፉም። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያለቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቢሆንም፣ ክሮም የተባለው ብራውዘር የተወው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። የሦስት ዓመት ዕድሜ ማለት ነው። በሌላ በኩል ኦፊስ 2016 እና ኦፊስ 2019 ድጋፋቸው ያለቀው ከዊንዶውስ 10 ጋር በአንድ ቀን ነው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከማያውቁት ሰው በኢሜይል የመጣ የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይል መክፈት ደግሞ ከተለመዱት የቫይረስ መግቢያ መንገዶች አንዱ ነው።

አደጋው የሚመጣበት መንገድ

«አፕዴት ከቆመ ወዲህ ምን ሆንኩ? ምንም» የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። አደጋው በአንድ ሌሊት አይመጣም፣ ቀስ እያለ ይጠራቀማል።

ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ አፕዴት ይለቃል። አፕዴቱ ሲለቀቅ ባለሙያዎችም ሆኑ ሰርጎ ገቦች አሮጌውን ፋይልና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክራሉ። የተለወጠው ቦታ ክፍተቱ የት እንደነበረ ይጠቁማቸዋል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ ብዙ ኮድ ይጋራሉ። ስለዚህ በ11 ላይ የተደፈነ ክፍተት በ10 ላይም የመኖር ዕድሉ ሰፊ ነው። ልዩነቱ፣ በ10 ላይ የሚደፍነው የለም። ለ11 የሚወጣው ጥገና ራሱ አፕዴት ለማያገኘው የ10 ተጠቃሚ ጠላት ይሆናል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ራንሰምዌር ከሚባለው ዓይነት ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። ቫይረሱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቷል። ከተጠቁት ውስጥ አብዛኞቹ በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ነበሩ። ዊንዶውስ 7 ያኔ ድጋፉ አላለቀም ነበር። ባለቤቶቹ አፕዴቱን ስላልጫኑት ብቻ ተመቱ።

አፕዴቱን ድሮ ያጠፋ ሰውስ?

እኛ ዘንድ ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው ብዙ ነገር የሚስተው ይህንን ነው። በሞባይል ዳታ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ዊንዶውስ ሳይነግረው ፓኬጁን ሲጨርስበት መናደዱ አይቀርም። ስለዚህ አፕዴቱን ያጠፋዋል። ወይም «ዊንዶው» የሚጭንለት ልጅ «ዳታ እንዳይበላህ» ብሎ ገና ሲጭንለት አጥፍቶ ይሰጠዋል። እንዲህ ላለ ማሽን ጥቅምት 4 ተራ ቀን ነበር። ድጋፉ ያለቀው አፕዴቱ የጠፋ ዕለት ነው። ምናልባት ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት።

ይህ ሰው ወደ 11 ቀይሮ አፕዴቱን እንደገና ቢያጠፋው ያተረፈው አዲስ መልክ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሳይቆይ ተመልሶ እዚያው ነው።

የክራክ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ክራክ ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ ለማሠራት የሚጫን ፕሮግራም ነው። ሲጫን «መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ይባላል። ያም ማለት ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ተሰጠው ማለት ነው። ሁሉም ክራክ ቫይረስ አለው ማለት አይደለም። ግን ያለውንና የሌለውን ተራ ተጠቃሚ የሚለይበት መንገድ የለም። በደህንነት በኩል ክራክ የተደረገ 11 ከኦሪጅናል 10 ይበልጣል ብሎ ለመከራከር ይከብዳል።

ስለዚህ «10 ወይስ 11?» ከማለት በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ፣ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ከፍቶ፣ የአፕዴት ታሪኩን ማየት ይሻላል። የመጨረሻው ቀን ከዓመታት በፊት ከሆነ፣ ቀዳሚው ሥራ ያንን ማስተካከል ነው። ዊንዶውስ 10 እስከ ጥቅምት 4 የወጡለትን አፕዴቶች አሁንም መጫን ይቻላል። ዳታው ከባድ ከሆነ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አንድ ማታ መተው ይበቃል።

ዊንዶውስ 11 ለምን እምቢ ይላል?

ኦሪጅናል ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው 11 በነጻ ነው። ችግሩ የገንዘብ ሳይሆን የማሽን ነው። 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ማሽንና ቲፒኤም 2.0 ይፈልጋል። ቲፒኤም የምስጢር ቁልፎችን ከሌላው ክፍል ለይቶ የሚያስቀምጥ የደህንነት ቺፕ ነው። በነዚህ ላይ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ራሱ ማይክሮሶፍት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ የሚጀምረው በአጠቃላይ ከ8ኛው ትውልድ ነው። በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 2000 ተከታታይ።

ትውልዱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለው ላይ የፕሮሰሰሩ ስም ይታያል። «አይ5-6300ዩ» ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለው 6 ነው፤ 6ኛ ትውልድ ማለት ነው። «አይ5-8250ዩ» 8ኛ ነው። «አይ5-10210ዩ» ደግሞ 10ኛ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። «ማሽንህ አይችልም» የሚለው መልእክት ሁልጊዜ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ በቂ ሆኖ ቲፒኤሙ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ይባላል። እሱን ማብራት ብቻ መንገዱን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ላፕቶፕ ለመቀየር ከመወሰን በፊት ይህን ማስፈተሽ አይጎዳም።

ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያጠበቀው ለደህንነት ነው ይላል። ክርክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ11 ላይ ያሉ አንዳንድ መከላከያዎች አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ ያለ ብዙ መንቀራፈፍ ይሠራሉ፣ አሮጌዎቹ ላይ ግን ማሽኑን ያደክሙታል። ተቺዎቹ በበኩላቸው ደህና የሚሠራ ዕቃ ወደ ቆሻሻ መጣያ እየተላከ ነው ይላሉ። ፐርግ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተሟጋች ቡድን እስከ 400 ሚሊዮን የሚደርሱ ኮምፒውተሮች ወደ 11 መሸጋገር እንደማይችሉ ገምቶ ነበር።

በ7ኛውና በ8ኛው ትውልድ መካከል የተሰመረው መስመር ለእኔ አሳማኝ አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 በተባለው ውድ ኮምፒውተሩ ውስጥ የከተተውን የ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከዝርዝሩ ውስጥ በልዩነት አስገብቶታል። ሌሎቹ የዚያ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ውጭ ቀሩ። ለደህንነት ብቻ የተሰመረ መስመር እንዲህ አይታጠፍም።

ክርክሩ እዚህ አገር ሌላ ክብደትም አለው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። «በቃ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ለብዙ ቤተሰብ ምክር አይሆንም።

ምርጫዎቹ ሲመዘኑ

ማሽኑ መስፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፣ መቀየር ነው። ፋይልና ፕሮግራም ሳይጠፋ ይሸጋገራል። ካልተመቸ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል። ቢሆንም ዶክመንትና ፎቶ ቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታ ነው፤ መብራት መሀል ላይ ሊጠፋ ይችላል። የሚወርደው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ብዙ ማሽን ላለው ሰው አንዴ አውርዶ በፍላሽ መጫን ይሻላል። ሌላው፣ ማሽኑ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ከሌለውና በድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ 11 እጅግ ይንቀራፈፋል። መስፈርቱ 4 ጊጋባይት ራም ቢልም ከ8 በታች በሆነ ማሽን ላይ ሥራ ትዕግሥት ይፈትናል።

መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን የመጀመሪያው አማራጭ ጊዜ መግዛት ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። ኢኤስዩ ይባላል። ዋጋው 30 ዶላር ነው ሲባል ብዙ ሰው ገና ከጅምሩ ተወው፣ ምክንያቱም የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ የለውም። ነገር ግን ያለ ክፍያም ይገኛል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባካፕ ማድረግ ይበቃል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ለሚኖሩ ደግሞ ይህም ባካፕ ቀርቶላቸው አካውንት ብቻ ይጠየቃሉ። የሸማቾች ማኅበራት ግፊት ያመጣው ለውጥ ነው። ለመመዝገብ ማሽኑ የ10 የመጨረሻ እትም የሆነው 22ኤች2 ላይ መሆን አለበት። የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ምርጫ ከመጣ ዛሬውኑ መጫን ነው። ዘግይቶ የተመዘገበም ያለፉትን አፕዴቶች ያገኛል።

ድርጅቶች በዚህ መንገድ አይስተናገዱም። ለነሱ ዋጋው ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱም በእጥፍ ይጨምራል፣ ቢበዛ ለሦስት ዓመት። ትምህርት ቤቶች ግን የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ዶላር ያገኛሉ።

ሁለተኛው አማራጭ መስፈርቱን ዘሎ 11ን መጫን ነው። ሩፉስ በተባለ ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ሲዘጋጅ ቲፒኤሙን እንዳይጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ጥገና ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ይሠራል። ወርኃዊ አፕዴቱም በአብዛኛው ይመጣል። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ዋስትና አልሰጥም ብሏል። በዓመት አንዴ የሚወጣውን ትልቅ እትም ብዙ ጊዜ እንደገና በእጅ መጫን ያስፈልጋል። ፊልም ለሚያይበትና አሳይመንት ለሚጽፍ ሰው መጥፎ መላ አይደለም። የሰው ገንዘብና የሰው መረጃ ለሚያስተዳድር ቢሮ ግን አልመክረውም።

ሦስተኛው ሊኑክስ ነው። ነጻ የሆነ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስ ሚንትና ኡቡንቱ ለጀማሪ የሚመቹ ዓይነቶቹ ናቸው። ኡቡንቱ 24.04 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል። ክራክ አይፈልግም። አሮጌ ማሽን ላይ ቀለል ብሎ ይሠራል። ሳይጫን ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከርም ይቻላል። የአማርኛ መጻፊያ አለው፣ ፓወር ግዕዝን የለመደ እጅ ግን ትንሽ መላመድ ይኖርበታል። ሥራው ሁሉ ብራውዘር ውስጥ ለሆነ ሰው ከሦስቱ ይህ የተሻለ ይመስለኛል። የሚፈራውን ያህል ከባድም አይደለም።

የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር

ሊኑክስ የማይሆንበት ግልጽ ቦታ ቢኖር የሒሳብ ክፍል ነው። ብዙ ድርጅት አሁንም ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ እትም ይጠቀማል። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። አሮጌው እትም 11 ላይ ቢነሣ እንኳ አምራቹ ለዚያ ብሎ አልሠራውም። ስለዚህ ሁሉንም ማሽን በአንድ ቅዳሜ ከመቀየር ይልቅ አንዱን ቀይሮ፣ የዳታውን ቅጂ ከፍቶ፣ ሪፖርት አውጥቶ፣ ማተም ድረስ መሞከር ያስፈልጋል። በአሮጌ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ያሉበት ቢሮም ፎንቶቹን ቀድሞ መገልበጥ አለበት፤ አለበለዚያ የደብዳቤው ጽሑፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል።

ዊንዶውስ 11 የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ነው። በ32 ቢት ዊንዶውስ 10 የሚሠራ ማሽን በቀጥታ መሸጋገር አይችልም፣ ከባዶ ነው የሚጫነው። የድሮ ፕሪንተርና ስካነርም 64 ቢት ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ከሌላቸው ዝም ይላሉ። የማተሚያ ቤቱ ትልቁ ማሽን በአሮጌ ኮምፒውተር የሚታዘዝ ከሆነ ኮምፒውተሩን ባለበት ትቶ ከኢንተርኔት መነጠል ያዋጣል። ያኔ የሚቀረው በር ፍላሽ ነው። ፍላሹ ሌላ ማሽን ላይ በጸረ ቫይረስ ሳይታይ አይሰካም።

የማገገሚያው ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ስለ 11 ሲወራ ብዙም የማይነሣ፣ ግን እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ሊያስለቅስ የሚችል ነገር አለ። ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ 11 ከባዶ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት፣ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ዲስኩን በራሱ ይመሰጥራል። መመስጠር ማለት ፋይሎቹን ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ ማድረግ ነው። ላፕቶፕ ሲሰረቅ ጥሩ ነው፤ ሌባው ፎቶና ዶክመንት አያገኝም። ግን ባዮስ ሲነካ ወይም ቦርዱ ሲቀየር ኮምፒውተሩ 48 አኃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ የሚቀመጠው በአካውንቱ ውስጥ ነው። ኢሜይሉን ለአንድ ቀን ሥራ ከፍቶ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ፋይሎቹን ሊያጣ ይችላል።

ከዚህም የባሰ አለ። ዊንዶውስ ኢሜይል ሲጠይቅ ደንበኛው ከሌለው ጫኙ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ይጨርሰዋል። ያኔ ቁልፉ ያለው የጫኙ አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ከሱቅ ከመውሰድ በፊት በማን ስም እንደተገባበት ማየት፣ ቁልፉንም አትሞ ወይም በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ወይም ሲላክ

ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ገበያ ላይ የትውልዱ ጉዳይ አሁን የዋጋ ጉዳይ ነው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የ6ኛ ትውልድ ነው። ጂ5 ግን በአብዛኛው 8ኛ ነው። ዴል ላቲቲውድ ኢ7470 6ኛ ሲሆን 7490 በአብዛኛው 8ኛ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460 እና ቲ480 ላይም ልዩነቱ ይኸው ነው። «በአብዛኛው» ያልኩት በአንድ ሞዴል ስም ከአንድ በላይ ትውልድ ስለሚሸጥ ነው። የሞዴሉን ስም አምኖ ከመክፈል ማሽኑን አስነሥቶ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማየት ይሻላል። ሻጩ «11 ተጭኖለታል» ማለቱም ማስረጃ አይሆንም፣ መስፈርቱን ዘሎ የተጫነ ሊሆን ይችላል። የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ አይገዛም ማለት ግን አይደለም። ሊኑክስ ሊጭንበት ለሚያስብ ተማሪ እንዲያውም ዋጋው የሚወርድበት ጊዜ ነው።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገር ለዘመድ ላፕቶፕ የሚልክ ሰውም ቁጥሩን እዚያው ይመልከት። ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አፕዴቱን አውርዶ ጨርሶ ቢልከው ለተቀባዩ ብዙ ዳታ ይተርፍለታል። የራሱን አካውንት ደግሞ ከማሽኑ ላይ አውጥቶ ይላከው። ተቀባዩ በራሱ ኢሜይል ካልገባበት፣ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ቁልፍ ሲጠይቅ የሚደወለው ባሕር ማዶ ነው።